ደረጃውን ማን ያያል?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማትርቅ ጠባብ ቡና ቤት ተቀምጠናል። አብራኝ ያለችው ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። አባቷ ሸማ ተራ ነጋዴ ነበሩ፤ እሷም ያደገችው እዚሁ መርካቶ ነው። በሌላ ሰው ክሊኒክ ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ አሁን የራሷን የምክር ክፍል ልትከፍት ተነሥታለች። ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች አግኝታ አብሬያት እንዳይ ጠራችኝ። የተነጋገርነውን እንዳስታወስኩት አቀርባለሁ።

እኔ፦ ክፍሎቹን ከማየታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን መርካቶ? የሙያ ጓደኞችሽ ቦሌና ሳር ቤት ግቢ ያለው ቤት ተከራይተው ይሠራሉ። ዛፍ አለ፣ መኪና ማቆሚያ አለ፣ ጸጥታ አለ። እዚህ እኮ አንቺና እኔ ለመሰማማት እየጮኽን ነው።

እሷ፦ ጸጥታው ያለበት ቦታ የእኔ ሰዎች የሉም፣ ጋሼ። የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ለማን ጥሎ ነው ቦሌ የሚሄደው? መሄጃና መመለሻው ብቻ ግማሽ ቀን ይበላበታል። ተሸካሚውማ ግማሽ ቀን ካልሠራ ማታ ቤቱ ይዞት የሚገባው ነገር የለም። ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ዓመታት ከዚህ ሰፈር ወደ እኔ የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። እነሱም ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ይቀራሉ። ችግሩ ስለሌለባቸው አይደለም።

እኔ፦ እንዳለባቸው በምን አወቅሽ?

እሷ፦ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ ሲነድ የአባቴ ጎረቤቶች ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ሲቃጠል ቆመው አዩ። ዘመድ ደረሰላቸው፣ ዕድሩ ደረሰላቸው፣ ገንዘብ ተዋጣ። ከወራት በኋላ ግን አንደኛው ለእናቴ የነገሯት ነገር ከልቤ አይጠፋም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እየተነሡ ምድጃው መጥፋቱን ያያሉ፤ ጭስ ሲሸታቸው ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ስለ ዕቃቸው ያልጠየቃቸው ሰው የለም። ስለ እንቅልፋቸው ግን አንድም ሰው አልጠየቃቸውም።

እኔ፦ አማኑኤል ሆስፒታል እኮ ከዚህ በእግር የሚደረስ ነው።

እሷ፦ ነው። ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ሲያጋጥመኝ የምልከው እዚያ ስለሆነ ቅርበቱ ለእኔ ሀብት ነው። ነገር ግን ሆስፒታሉና ይህ ገበያ እኩያ መሆናቸውን አስበውት ያውቃሉ? ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደዚህ አመጣው፤ አማኑኤልም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አገሪቱ ሌላ የአእምሮ ሆስፒታል ስላልነበራት የቦታው ስም የሕመም ስም ሆኖ ቀረ። "አማኑኤል ገባ" ከተባለ ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ልጆች ሆነን ስንጣላ እንኳ የምንሰዳደበው በዚሁ ስም ነበር። እዚያ የሚሠሩት ባለሙያዎች ስንት ሰው እንዳዳኑ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። እንቅልፍ ብቻ ያጣ ነጋዴ ታዲያ እዚያ በር ላይ መታየት አይፈልግም።

እኔ፦ ነውር ስለሆነበት ነው።

እሷ፦ ነውር ብቻ ቢሆን በምክር ይለዝብ ነበር። ነገሩ ገንዘብም ነው። መርካቶ የሚሠራው በዱቤ ነው፣ ጋሼ። አስመጪው ለጅምላ ሻጩ፣ ጅምላ ሻጩ ለቸርቻሪው ዕቃ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በቃል ነው። ዋስትናው የሰውየው ስም ነው። ዕቁብም ያው ነው፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው እንደሚጥል የሚታመነው በስሙ ነው። "እከሌ ሐሳብ በዝቶበታል፤ ሐኪም ጋ መመላለስ ጀምሯል" የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከወጣ፣ ትናንት መቶ ጣቃ ጨርቅ የሰጠው ሰው ዛሬ "ሒሳቡን አስቀድም" ይለዋል። ወደ እኔ ሲወጣ የታየ ሰው የሚያጣው ክብሩን ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

እኔ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ስለ ምስጢር ሳስተምራችሁ የማነሣው የፋይል ሳጥኑን ቁልፍና የባለሙያውን አፍ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ሰው ያስቀጣል። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ደረጃ ምስጢር ሲያወጣ ግን የሚከሰስ የለም።

እሷ፦ እንግዲያው ከደረጃው እንጀምር።

የመጀመሪያው ክፍል አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰፊ ነው፣ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወደ አስፋልቱ የሚያይ ትልቅ መስኮት አለው። ደላላው ቀድሞን ወጥቶ በሩን ከፍቶ ጠበቀን።

ደላላው፦ እንዲህ ያለ ብርሃን መርካቶ ውስጥ አታገኙም። ታች ካፌ ስላለ እንግዳ ሲመጣ ማኪያቶው በአንድ ጥሪ ይወጣል። ታፔላውን መስኮቱ ላይ ብትሰቅሉት ደግሞ ከማዶ ይነበባል።

እኔ፦ እውነቱን ነው፤ ክፍሉ ደስ ይላል።

እሷ፦ እኔ ክፍሉን አላየሁትም፤ ስንወጣ ያየሁት ካፌውን ነው። ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው ነው የተደረደሩት። ከሰዓት በኋላ እዚያ የሚቀመጡት ክፍያ የሚጠብቁ ነጋዴዎች፣ ሾፌሮችና ጭነት የሚያገናኙ ሰዎች ናቸው። ማን ከማን ጋር እንደገባና እንደወጣ ማወቅ እንጀራቸው ነው። በዚህ ፎቅ ላይ ያለው ደግሞ ይህ አንድ በር ብቻ ነው። ደረጃውን የረገጠ ሰው ሌላ የሚሄድበት የለውም።

ደላላው ስልክ ሊያነሣ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እኔም ለብዙ ሰው ያልነገርኩትን ነገርኳት።

እኔ፦ የመጀመሪያ ቢሮዬን ስከራይ ልክ እንደዚህ ያለ ክፍል ነበር ያማለለኝ። ብርሃኑን ወደድኩት። ታች ቡና ቤት ነበረ። አንዲት ሴት ለስድስት ሳምንት ስትመላለስ ቆየች፤ ሥራችንም መልካም ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ጨርሳ ስትወርድ የባሏ እኅት ታች ቡና እየጠጣች ነበርና ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የእኔዋ ዓይን በእንባ ቀልቷል። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰችም። ለወራት "ምን ብያት ይሆን?" እያልኩ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ኖርኩ። ምክንያቱን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ያጠፋሁት በተናገርኩት ነገር አልነበረም፤ ቤት ስከራይ ነው።

እሷ፦ ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ነው ማለት ነው ችግሩ።

እኔ፦ ሰው ሲገባ ፊቱን አዘጋጅቶ ነው የሚገባው። "ሒሳብ ልከፍል ነው፣ ሰው ልጠይቅ ነው" የሚል መልስ ይዟል። ሲወጣ ግን አልቅሶ ነው፤ መልሱንም ረስቶታል። ስለዚህ ቤት ስታዪ ከወንበሩ አስቀድመሽ መታጠቢያውን ፈልጊ። ፊት የሚታጠቡበት ውኃ፣ ትንሽ መስተዋት፣ አምስት ደቂቃ የሚቀመጡበት ወንበር። ቀጠሮዎችሽም አይነካኩ። እኛ የለመድነው 50 ደቂቃ ሠርቶ 10 ደቂቃ ማረፍ ነው።

እሷ፦ እዚህ 10 ደቂቃ አይበቃም። ዘግይቶ የሚመጣና ፈጥኖ የሚመጣ ሰው ይገናኛል፤ የሚገናኙት ደግሞ የአንድ ተራ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ግማሽ ሰዓት አደርገዋለሁ። በቀን አንድ ሁለት ሰው ይቀርብኛል፤ ይቅርብኝ።

ሁለተኛው ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። ኮሪደሩ ረጅምና ጸጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ግማሹ መጋዘን፣ ግማሹ የሒሳብ ባለሙያዎች ቢሮ ነው። እኔ ደስ አለኝ፤ እሷ ደግሞ ወዲያው እንፈትነው አለችኝ።

እሷ፦ እርስዎ ውስጥ ይሁኑና በሩን ዘግተው እንደ ወትሮዎ ያውሩ። እኔ አጠገብ ያለው ባዶ ክፍል ውስጥ እቆማለሁ።

በሩን ዘጋሁ። የሰፈሬን ስም፣ የምወስደውን መድኃኒት፣ የልጆቼን ስም ተናገርኩ። የመጨረሻዋን ልጄን ስም ሆን ብዬ ዝቅ አድርጌ ጠራሁ። ስወጣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገረችኝ፤ የመጨረሻዋንም ጭምር።

እኔ፦ እስቲ ግድግዳውን አንኳኪው። ባዶ ነው፤ ጂብሰም ነው። ወደ ላይም ተመልከቺ፤ ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ቆመ እንጂ እስከ ሶሌታው አልደረሰም። ድምፅ በኮርኒሱ ላይ ተሻግሮ ጎረቤት ይወርዳል። ከበሩ ሥርም ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

እሷ፦ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ባደርግበትስ?

እኔ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ይቀንሱታል፤ ድምፅሽ ይለዝባል፣ ጆሮ ያርፋል። ወደ ጎረቤት የሚያልፈውን ግን አያቆሙትም። እሱን የሚያቆመው የግድግዳው ክብደትና የክፍተቱ መደፈን ነው። የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ፣ ውስጡ ባዶ ያልሆነ የእንጨት በር፣ ከበሩ ሥር ጎማ። ግድግዳው እስከ ሶሌታው የደረሰ መሆኑን ሳታረጋግጪ የትም አትፈርሚ።

እሷ፦ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ያጋለጠን ጸጥታውም ነው። ይህንኑ በዚሁ ድምፅ ቡና ቤቱ ውስጥ ቢናገሩት ሁለት እርምጃ የራቀ ሰው ባልሰማዎት ነበር።

እኔ፦ ልክ ነሽ፤ እኔም ስገባ ጸጥታውን ብቻ አይቼ ነው የተደሰትኩት። በሌላው ዓለም ብዙ ባለሙያዎች ከበራቸው ውጭ የማያቋርጥ የነፋስ ዓይነት ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ያስቀምጣሉ፤ ንግግሩን እንዲሸፍንላቸው። ቬንትሌተርም ያን ሥራ ይሠራል። ገበያውም ይሠራዋል፤ ጩኸቱ ውጭ ሆኖ ውስጡ ጸጥ ካለ።

እሷ፦ ሁሉም ጩኸት አይደለም ግን። ምናለሽ ተራ አጠገብ አንድ ርካሽ ክፍል አግኝቼ ነበር። ብረት ሲቀጠቀጥ እኔ ራሴ እደነግጣለሁ፤ ከእሳት የተረፈ ሰው እዚያ አስቀምጬ ስለዚያች ሌሊት ንገረኝ ልለው አልችልም። የሰው ጫጫታ አንድ ዓይነት ሆኖ ይፈስሳል። መዶሻ ግን ሰውን ከሐሳቡ ነቅሎ ያወጣዋል።

እኔ፦ የአንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ቅዳሴስ?

እሷ፦ ወደ እኔ የሚመጡት እኮ የሚሰግዱትና የሚያስቀድሱት ሰዎች ናቸው። ያ ድምፅ ለብዙዎቹ ማረፊያቸው ነው። አዛን ሲሰማ አንድ ደቂቃ ዝም እላለሁ። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ቀጠሮ አልይዝም። የንስሐ አባታቸውንም ሆነ ሼሁን ትተው ወደ እኔ እንዲመጡ አልፈልግም፤ እነሱ የሰሙትን የማያወጡ ሰዎች በመሆናቸው ነው ሕዝቡ ልቡን የሰጣቸው። እኔም በዚያው ልክ ልታመን ነው የምፈልገው።

ወደ ሦስተኛው ስንሄድ መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቶ ቆምን። እዚያው ቆመን ስለ ምባሬ አነሣሁላት።

እኔ፦ ጭራሽ ክፍል ባይገኝስ ብለሽ ታውቂያለሽ? ሐራሬ፣ ዚምባብዌ ውስጥ ምባሬ የሚባል ሰፈር አለ። እንደዚህ ትልቅ ገበያ ያለበት፣ ሕዝብ የሚበዛበት ሰፈር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እዚያ ሥራ ሲጀምር በጤና ጣቢያው ባዶ ክፍል አልነበረም፤ ነርሶቹም ጊዜ አልነበራቸውም። የተሰጡት በማኅበረሰብ ጤና የሚሠሩ 14 አያቶች ነበሩ። ከጤና ጣቢያው ውጭ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠና እነሱን ማሠልጠን ያዘ። መጀመሪያ "የአእምሮ ጤና አግዳሚ" ሊለው ነበር፤ አያቶቹ "እንዲህ ከተባለ ማንም አይቀመጥበትም" አሉት። "የወዳጅነት አግዳሚ" ተባለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ይልቅ በጣም ቀንሶ ተገኘ።

እሷ፦ በአደባባይ? በሰው ፊት? ታዲያ ጠዋት ስለ ደረጃው ያልነው ሁሉ ከንቱ ነዋ!

እኔ፦ ከሩቅ የሚታየው እኮ አንድ ሰው ከአሮጊት ጋር ተቀምጦ ሲያወራ ነው። ከአያት ጋር መቀመጥ የሚያሳፍርበት አገር የት አለ? መቀመጡ ይታያል፤ የሚባለው ግን አይሰማም።

እሷ፦ ገባኝ። ሰውን የሚጎዳው መታየቱ ሳይሆን የታየው ነገር የሚሰጠው ትርጉም ነው። እኔ ጠዋት ሳስብ የነበረው የተደበቀ በር ነው። የተደበቀ በር ደግሞ መርካቶ ውስጥ ራሱ ወሬ ነው፤ "እዚያ ጓሮ ምን ሊያደርግ ገባ?" ያሰኛል። የሚያስፈልገኝ ሰው በሃያ ምክንያት የሚገባበት ሕንፃ ነው።

ሦስተኛው ሕንፃ እንዲህ ያለ ሆኖ አገኘነው። ምድር ላይ ባንክ አለ። ፎቆቹ ላይ የጥርስ ክሊኒክ፣ ላቦራቶሪ፣ ልብስ ሰፊዎች፣ የጉዞ ወኪል፣ የሒሳብ ቢሮ ተደርድረዋል። የፊቱ ደረጃ ወደ አስፋልት ይወጣል፣ የኋላው ደግሞ ልብስ ሰፊዎቹ ወዳሉበት መተላለፊያ ይወርዳል። ደላላው እያመነታ ነበር ያሳየን፤ ክፍሉ ሦስት ሜትር በአራት ነው፣ መስኮቱም ወደ ሕንፃው ውስጠኛ ክፍት ቦታ የሚያይ ትንሽ መስኮት ነው።

ደላላው፦ ይህ እንኳ ለእናንተ አይሆንም ብዬ ነበር። ብርሃኑ ትንሽ ነው።

እሷ፦ መብራት ይተከላል። ጋሼ፣ ይግቡና ያውሩ።

ይህን ጊዜ የሰማችው ጉምጉምታ ብቻ ነበር። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ እስከ ሶሌታው ደርሷል። የበሩ ሥር ጎማ ይፈልጋል።

እኔ፦ 12 ካሬ ለሁለት ሰው፣ ለባልና ሚስትም ይበቃል። ለቡድን አይሆንም። ጠረጴዛ በመካከላችሁ አታስገቢ፤ ሁለት ቁመታቸው እኩል የሆኑ ወንበሮችን ትይዩ ሳይሆን ጎን ለጎን ጠመም አድርገሽ አስቀምጪ። ሰዓቱ አንቺ አንገትሽን ሳታዞሪ የምታዪው ቦታ ይሁን። አንዳችሁም ሌላውን ከበሩ የምትጋርዱ አትሁኑ። ሰው ሲጨንቀው በሩ ቅርቡ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ለአንቺም ደኅንነት ነው። ጥርስ ክሊኒኩ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቂ። ፎቁ ላይ ብቻሽን የምትቀሪበትን ሰዓት ከአዲስ ሰው ጋር አትቀጥሪ።

እሷ፦ እኔ ደግሞ ምድር ቤቱን አይቼ መምጣት አለብኝ። ከሸማ ተራ በኋላ ከሥሬ ምን እንደተከማቸ ሳላውቅ ሰው አልሰበስብም። ሁለት ደረጃ መኖሩ ለእሳትም ነው።

ወርዳ አይታ ተመለሰች። ያለው የባንኩ ዕቃና የውኃ ታንከር ነው። ጥበቃውንም አነጋግራለች፤ የኋላው በር ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል፣ እሑድ ሕንፃው አይከፈትም።

እሷ፦ ይሄ ነው ያሳሰበኝ። የእኔ ሰው የሚመቸው ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይና እሑድ ነው። እሑድ ካልተከፈተ ግማሹ ሥራዬ የለም። ጥበቃው ደግሞ የሚገባውን ሁሉ "ወዴት ነው?" ይላል፤ መልሱ ኮሪደሩን ሙሉ ይሰማል።

እኔ፦ ለሰዎችሽ የክፍሉን ቁጥር ብቻ ስጫቸው። ከጥበቃው ጋር ደግሞ ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። የመጀመሪያው ተቀባይሽ እሱ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ አስረጂው፤ የሚያምኑትን ሰው አብዛኛው ሰው አያሳፍርም። እሑድን ግን በቃል አትቀበይ፤ ውሉ ውስጥ ይግባ።

እሷ፦ ውሉ ላይ ጓደኞቼ "አዲሱ አዋጅ ለሁለት ዓመት ይጠብቅሻል" ይሉኛል።

እኔ፦ አይጠብቅሽም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ ነው። ለሥራ የምትከራዪው ክፍል የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በውልሽ ነው፤ ስለዚህ ውሉ ያልያዘው ነገር ሲመጣ ለክርክር ይተርፍሻል። ዘመኑ ስንት ዓመት ነው፣ ጭማሪው መቼና በስንት ነው፣ ልቀቂ ለማለት ስንት ወር አስቀድሞ ይነገራል፣ በሩንና መታጠቢያውን የምታሠሪበት ወጪ የማን ነው፣ እሑድ ማን ይከፍታል? አከራዩ ባለቤቱ ነው ወይስ እሱም ተከራይ? መርካቶ ውስጥ ከተከራይ የተከራየ ብዙ ነው። ቀበሌ ቤት ከሆነ ጨርሶ አትንኪው። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ አጽድቂ። ከዚያ በፊት ደግሞ የጤና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚጠይቀውን የክፍል ደረጃ በእጅሽ ያዢ። ተከራይተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ከዚያ "መስፈርቱን አያሟላም" የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ። ወረዳውም ጎራ ብለሽ ስለ አካባቢው ፕላን ጠይቂ፤ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ያየነውን አንርሳ።

እሷ፦ ኪራዩ ግን ከሦስቱም ውድ ነው።

እኔ፦ የጠየቁሽን እንተወውና በቀላል ቁጥር እናስላው። ኪራዩ በወር 30,000 ብር፣ የአንድ ቀጠሮ ክፍያ 600 ብር ነው እንበል። ለኪራዩ ብቻ 50 ቀጠሮ ትሠሪያለሽ ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት ክፍተትሽ በቀን አምስት ሰው፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትሠሪ በወር መቶ ገደማ ነው፤ የሚቀርም አለ። የጉልበትሽ ግማሽ ለግድግዳ ሄደ። በእኔ ግምት ኪራይ ከገቢሽ ሲሶ ካለፈ አንቺው ትታመሚያለሽ፤ ቀጠሮ ታጣብቢያለሽ፣ ማሰናበት ያለብሽን ሰው ማሰናበት ያቅትሻል።

እሷ፦ መክፈል ለማይችሉት ተሸካሚዎች በሳምንት አራት ቀጠሮ በነፃ ልይዝ አስቤያለሁ። እሱን አልተውም።

እኔ፦ እንግዲያ ክፍሉን ተጋሪው። በሕፃናት ላይ የምትሠራ ጓደኛሽ አለች አይደል? ሦስት ቀን ለአንቺ፣ ሦስት ቀን ለእሷ፣ እሑድን ተራ በተራ። ፋይሎቻችሁ በተለያየ ሳጥን፣ በተለያየ ቁልፍ።

እሷ፦ ሦስት ቀን ይበቃኛል፤ መጀመሪያ ሰው እስኪለምደኝ። ጉራጊኛና ስልጥኛ እችላለሁ፤ እናቶቹ በሚያለቅሱበት ቋንቋ ሲያወሩኝ ምን ያህል ነገር እንደሚወጣ ከወዲሁ አውቃለሁ። ታፔላውስ ምን ይበል?

እኔ፦ አንቺ ምን አሰብሽ?

እሷ፦ የምባሬ አያቶች ነግረውኛል። ስሜና የክፍሉ ቁጥር። ታች ካሉት ታፔላዎች ጋር፣ መጠኑ ከእነሱ ያልበለጠ። ፈቃዴንና ሙያዬን የሚገልጸውን ወረቀት ክፍሉ ውስጥ፣ ገብቶ የተቀመጠው ሰው በሚያየው ግድግዳ ላይ አደርገዋለሁ። ማን እንደሆንኩ ማወቅ መብቱ ነው።

እኔ፦ ሦስተኛውን ያዢው። እሑድን ውሉ ውስጥ ካስገቡልሽ ያዢው። ካላስገቡልሽ ሌላ እንፈልጋለን።

ደላላው በሳምንቱ ሰኞ ደወለላት። የሕንፃው ባለቤት የእሑዱን ነገር እያሰቡበት ነው። በመርካቶ ሕንፃ ያላችሁ ወገኖች ይህን የምታነቡ ከሆነ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የብሎኬት ግድግዳ ያለው፣ በሁለት ደረጃ የሚደረስ አንድ ትንሽ ክፍል ለእንዲህ ያለ ሥራ አከራዩ፤ እሑድ ጠዋትም በሩን ክፈቱ።